የክላሲክ መኪና ንዝረት ከየት እንደሚነሣ ደረጃ በደረጃ እንዴት መለየት ይቻላል?

ክላሲክ መኪና በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ መንዘር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደረገው ዕቃ መቀየር ነው። ክሮቸራው፣ ማለትም በፕሮፔለር ሻፍቱ ጫፍ ያለው ተጣጣፊ የመስቀል መገጣጠሚያ፣ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ጎማው ባላንስ ይደረጋል፣ ቀጥሎ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ መደገፊያው፣ ይለወጣል፤ ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላም ንዝረቱ እዚያው ነው። ይህ የሚሆነው ጎማ፣ ፕሮፔለር ሻፍትና ሞተር ሁሉም የሚዞሩ ቢሆኑም የሚዞሩበት ፍጥነት የተለያየ መሆኑ ስለሚዘነጋ ነው። ንዝረቱ ከሦስቱ ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚዞር በሙከራ ከተለየ ቀሪው ሥራ ይቀላል፤ ሳይለይ የሚገዛ ዕቃ ግን በግምት የተገዛ ነው።

እዚህ የሚቀርበው አሠራር ሞተራቸው ከፊት ሆኖ በፕሮፔለር ሻፍት፣ ማለትም ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ የኋላ ጎማቸውን ለሚነዱ መኪኖች ነው። እንደ ፎልክስዋገን ቢትል ያለ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ይህ ዘንግ ስለሌለው ስለ ሻፍት የተጻፈው ክፍል አይመለከተውም።

አንደኛ፦ ጎማውን አስቀድሞ መመርመር

ክላሲክ መኪና ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሚቆይ በመሆኑ ጎማው መሬት በነካበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ አየሩን በልኩ ከሞሉ በኋላ ጎማው በደንብ እስኪሞቅ ድረስ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ በዚህ ጊዜ የሚጠፋ ንዝረት ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ላይ ያንብቡ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 ወዲህ የተመረቱ ጎማዎች የምርት ቀናቸው በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 2315 ማለት በዚያው አቆጣጠር በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኙ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል መለወጥ አለበት።

ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንሥተው በእጅ እያዞሩ፣ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር አስጠግተው ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች መዋዠቁን ይመልከቱ። ጥርጣሬ ከቀረ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ያለዋውጡ። ቀድሞ በመሪው ላይ ይሰማ የነበረው ንዝረት አሁን በመቀመጫው ላይ ከተሰማ፣ ወይም ከመቀመጫው ወደ መሪው ከተዛወረ፣ ጥፋቱ ከጎማው ወይም ከቸርኬው ነው።

ሁለተኛ፦ በመንገድ ላይ መሞከር

ሙሉው ምርመራ የሚመሠረተው በዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ቀጥ ያለና ትራፊክ የማይበዛበት መንገድ ይምረጡ፤ ሌላ ሰውም አብሮዎት ተቀምጦ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ ማርሹንና ንዝረቱ የተሰማበትን ቦታ ይመዝግብ። ለምሳሌ ንዝረቱ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዱ፣ ሞተሩም በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይመጣል እንበል።

አራተኛው ማርሽ የመጨረሻው በሆነባቸው አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች በዚህ ማርሽ ሞተሩና ፕሮፔለር ሻፍቱ እኩል ይዞራሉ። በመሆኑም በአራተኛ ማርሽ ብቻ እየነዱ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን አቁመው በኒውትራል የሞተሩን ዙር ወደ 3000 ያድርሱት። ንዝረቱ ከመጣ ጥፋቱ ያለው ከሞተሩ፣ ከቬንቲላተሩ፣ ከቮላኖው፣ ማለትም በሞተሩ ጫፍ ከሚዞረው ከባድ ዲስክ፣ ወይም ከፍሪሲዮኑ ነው። በዚሁ ዙር ላይ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረግጠው ንዝረቱ ከጠፋ የፍሪሲዮኑን ዲስክና የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ ይጠርጥሩ፤ ካልጠፋ ግን ከሞተሩ ጋር ሁልጊዜ የሚዞረውን ቮላኖና የፍሪሲዮኑን ሽፋን ይመርምሩ።

ቀጥሎ በመንገድ ላይ በዚያው በ90 ፍጥነት፣ ሞተሩ ከሚፈቀድለት ዙር እንዳያልፍ ተጠንቅቀው፣ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ይመልሱ። ንዝረቱ አሁንም በ90 ላይ ካለ የሚዞረው ከመኪናው ፍጥነት ጋር ነውና ምንጩ ጎማ፣ አክስል ወይም ሻፍት ነው። በ90 ላይ ጠፍቶ ሞተሩ እንደገና 3000 ዙር ላይ በሚሆንበት ዝቅተኛ ፍጥነት ከተመለሰ ደግሞ ምንጩ በሞተሩ በኩል ነው።

በመጨረሻ ከ90 ትንሽ ከፍ ብለው ማርሹን ወደ ኒውትራል ያውጡና መኪናው በራሱ እየሄደ ፍጥነቱ እንዲወርድ ይተዉት። የሞተሩን ቁልፍ ግን በምንም ምክንያት አያጥፉ፤ መሪው ሊቆለፍ፣ ፍሬን የሚያግዘው ኃይልም ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ሁኔታ የሚቀጥል ንዝረት ከጎማ ወይም ከሻፍት ሚዛን መዛባት ጋር የተያያዘ ነው። ከጠፋና መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሞከርም ንጹሕ ከነበረ ጉዳዩ የጭነት ነው ማለት ነው፦ ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከክሮቸራ ማዕዘን፣ ከደከመ ባሌስትራ ወይም ከተቀደደ ጎሚኒ ሲሆን፣ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሡ ብቻ የሚመጣው ወደ ዲፈረንሻሉ ፒኞን (መግቢያ ጥርስ) ኩሽኔት ያመለክታል።

ሦስተኛ፦ የሰሙትን በስሌት ማረጋገጥ

ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው መኪናውን አንድ ዙር ገፍተው ርቀቱን ይለኩ። ርቀቱ 2 ሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 25 ሜትር ስለሆነ ጎማው በሰከንድ 12.5 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4 ለ 1 ከሆነ ሻፍቱ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። ምጣኔውን ካላወቁት አንዱን የኋላ ጎማ እንዳይዞር አድርገው ሌላውን ልክ ሁለት ዙር ያዙሩትና ሻፍቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ።

በሰከንድ 12 ጊዜ አካባቢ የሚመጣ ንዝረት መቀመጫንና ሰውነትን የሚያወዛውዝ ነው። 50 የሚሆነው ወለሉን በእግር ሥር ያንዘረዝራል፣ የመስታወቱንም ምስል ያደበዝዛል። ክሮቸራ ግን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያንዘር 100 ይደርስና ከእጅ ይልቅ በጆሮ እንደ ጉምጉምታ ይሰማል። የስልክ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በሰከንድ የሚወስደው ልኬት ከሚፈልጉት ድግግሞሽ ቢያንስ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ የሚያሳየው ቁጥር ያሳስታል።

አራተኛ፦ ከመኪናው ሥር መመርመር

በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስገቡ፣ መሬት ላይ የቀሩትንም ጎማዎች በሽብልቅ ያግዱ። ሻፍቱ ሲፈታ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዘውም። እንደ አሮጌዎቹ ላንድ ሮቨሮች የእጅ ፍሬናቸው ሻፍቱን በሚይዝ መኪኖችም የእጅ ፍሬኑ አብሮ ዋጋ ያጣል።

የፍላንጆቹን፣ ማለትም ሻፍቱ የሚታሰርባቸውን ሰሌዳዎች፣ ብሎኖች ጥብቀት ይሞክሩ። ሻፍቱን በአንድ እጅ፣ ፍላንጁን በሌላው ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ያዙሩ፤ በክሮቸራው ላይ በዓይን የሚታይ ክፍተት ሊኖር አይገባም። በክሮቸራው ቆብ ዙሪያ የሚታይ ቀይ የዝገት ዱቄት መርፌ መሰል ኩሽኔቶቹ ግሪስ አልቆባቸው ደረቅ እየፈጩ መሆናቸውን ያሳያል። ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመካከለኛውን ኩሽኔትና ኩሽኔቱን የያዘውን ላስቲክ ይመልከቱ። በሻፍቱ ላይ የተጋገረ ጭቃ ወይም የጸረ ዝገት ቅባት ካለ ሙልጭ አድርገው ያጽዱ። የወደቀ የሚዛን ብረት ካለ በብየዳው ምልክት ይታወቃል።

አምስተኛ፦ የክሮቸራውን ማዕዘንና አቀማመጥ መለካት

ክሮቸራ ታጥፎ ሲሠራ የሚያስተላልፈው ዙር እኩል አይሆንም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። በ3 ዲግሪ መዋዠቁ 0.14 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን በ10 ዲግሪ ግን 1.5 በመቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ክሮቸራ ይህን የሚያጠፋው ማዕዘኑ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሲሆንና በሻፍቱ ሁለት ጫፎች ክሮቸራዎቹን የያዙት ሹካዎች በአንድ መስመር ላይ ሲያርፉ ነው።

መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ወይም በአክስሉ ሥር ተደግፎ፣ የካምቢዮውን መውጫ፣ የሻፍቱንና የፒኞኑን ዝንባሌ በማዕዘን መለኪያ ይለኩ። በሻፍቱና በየጫፉ ባለው አካል መካከል ያለው ልዩነት ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ቢሆን፣ የሁለቱ ጫፎች ልዩነትም ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዜሮ ማዕዘንም አይመከርም፤ ኩሽኔቶቹ ሳይንከባለሉ በአንድ ቦታ ብቻ እየተመቱ ይቦረቡራሉና። ባሌስትራው የተቀየረ፣ ከፍ ወይም ዝቅ የተደረገ መኪና በተለይ ይህን ልኬት ይፈልጋል።

የሹካዎቹ መስመር መዛባት በቀላሉ የሚታለፍ ጥፋት ነው። እኔ ራሴ አዲስ ክሮቸራ ከተገጠመለት በኋላ ንዝረቱ የባሰበትን መኪና ስመረምር ያገኘሁት፣ ተንሸራታቹ መገጣጠሚያ ከቦታው በአንድ ጥርስ ዞሮ መግባቱን ብቻ ነበር። 16 ጥርስ ባለው መገጣጠሚያ አንድ ጥርስ ማለት 22.5 ዲግሪ ነው፤ ይህም በዓይን ካልተፈለገ አይታይም። ስለዚህ ሻፍት ከመፍታትዎ በፊት ሁሉንም መገጣጠሚያ በቀለም ምልክት ያድርጉ።

ስድስተኛ፦ የሻፍቱን ሚዛን መፈተሽ

በሻፍቱ መካከል ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን መዋዠቅ የሚለካ መሣሪያ፣ አስደግፈው ሻፍቱን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። የተፈቀደውን መጠን የመኪናው ማኑዋል ይወስናል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የተጣመመን ሻፍት በክብደት ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ አስቀድሞ መቃናት ወይም መለወጥ አለበት።

ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ከፒኞኑ ፍላንጅ ፈትተው 180 ዲግሪ አዙረው ይግጠሙትና እንደገና ይንዱ። ለውጥ ካለ በሻፍቱ ጫፍ ዙሪያ አራት እኩል ክፍሎች ምልክት አድርገው፣ ፋሼታ፣ ማለትም የውሃ ጎማ ማሰሪያ ቀለበት፣ ብሎኑ ተራ በተራ በአራቱም ላይ እየዋለ ይሞክሩ። ንዝረቱ በጣም በቀነሰበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ፋሼታ ይጨምሩ፤ ካበዛው የሁለቱን ብሎኖች በእኩል ርቀት ግራና ቀኝ ያራርቁ። የሚዛን መዛባት ኃይል ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ስለሚሆን ፋሼታው በጥብቅ መታሰር አለበት፤ እየነዱም ከሥሩ ማንም እንዳይቀርብ።

ሰባተኛ፦ ምልክቱ ወደ ሞተሩ ካመለከተ

የቬንቲላተሩን ምላጮች ለስንጥቅና ለመታጠፍ ይመርምሩ፤ ከዚያ ቺንጊያውን አውልቀው ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አስነሥተው ልዩነቱን ይስሙ። የሞተሩንና የካምቢዮውን ጎሚኒ እንዲሁም የሁሉንም ሲሊንደሮች አሠራር ይፈትሹ። ፍሪሲዮኑ በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ ሽፋኑ በቀድሞ ምልክቱ ላይ መመለሱን ያረጋግጡ።

በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ከዚያም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ማርሽ ነድተው ከመጀመሪያው ማስታወሻ ጋር ያስተያዩ። ሻፍቱ ተፈትቶ ከነበረ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ የፍላንጆቹን ብሎኖች እንደገና በልኩ ያጥብቁ።