በአደራ የተረከባችሁት ውሻ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከጎዳና የተነሳ ወይም ከመጠለያ የወጣ ውሻ ቋሚ ቤተሰብ እስኪያገኝ ድረስ ቤታችሁ ልታቆዩት ፈቅዳችኋል። እሰየው። ግን ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይታወቅ፦ ውሻው የእናንተ አይደለም። ኃላፊነቱ የላከላችሁ ድርጅት ነው፤ ምን ሕክምና ያግኝ፣ ማን ይውሰደው የሚለውንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የእናንተ ድርሻ ማብላት፣ ከአደጋ መጠበቅና ያያችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ መናገር ነው። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ እኔ ግን ትልቁ ሥራ እሱ ነው እላለሁ። ውሻው ሌሊት ምን እንደሚሆን ከእናንተ በቀር የሚያይ የለማ።

በብዛት የሚያጋጥሙትን ከታች አስቀምጫለሁ። ምልክቱን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ጥግ ይዞ አልነሳም ይላል፣ ምግብም አልነካም

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። በማያውቀው መኪና ተጭኖ፣ የማያውቀው ሽታ ያለበት ቤት ገባ፤ ምን እንደሚደረግበት ማን ይነግረዋል? በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች "ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር" ይላሉ። ድንጋጤው እንዲለቀው ሦስት ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ ሦስት ሳምንት፣ ቤቴ ነው ብሎ ለመዝናናት ሦስት ወር። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ብዙ የተንገላታ ውሻ ከዚህም በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

መፍትሄው ፋታ መስጠት ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ይኑረው። ውሃውንና ምግቡን አስቀምጡለትና ዞር በሉ። አትጎትቱት፣ አትቀፉት፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ ዓይን ዓይኑን አትዩት። ጎናችሁን ሰጥታችሁ መሬት ላይ ቁጭ በሉና ስልካችሁን ነካኩ። ውሎ አድሮ ይመጣል። አንገቱን አስግጎ፣ የኋላ እግሮቹን ለመሸሽ እንዳዘጋጀ፣ መጀመሪያ ጫማችሁን ያሸታል። ያኔ እጃችሁን አትዘርጉ፣ ዝም ብላችሁ አስሸቱት። ዘመድና ጎረቤት ጠርቶ "ኑ እዩልኝ" ማለቱ ይቆይ።

ጤነኛ ትልቅ ውሻ አንድ ቀን ባይበላ ብዙም አያሳስብም። ሁለተኛውንም ቀን ከደገመ ወይም ውሃም እምቢ ካለ ግን ለድርጅቱ ደውሉ። ቡችላ ሌላ ነው፤ የደሙ ስኳር ቶሎ ስለሚወርድ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳይበላ መቆየት የለበትም።

አጥንቱ የሚቆጠር፣ የከሳ ውሻ ከመጣላችሁ ደግሞ፣ አንጀታችሁ ቢላወስም ሳህን ሙሉ አታቅርቡለት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፣ ሊሞትም ይችላል። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን፤ እናንተ በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍላችሁ ስጡት።

ተቅማጥ ይዞታል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱ ከቀላሉ እስከ ገዳዩ ይደርሳልና።

ቀላሉ የምግብ ለውጥና ጭንቀት ነው። ውሻው ንቁ ነው፣ ይበላል፣ ሰገራው ግን ለስልሷል። ቀድሞ ሲበላ የነበረውን ጠይቁና እሱኑ ስጡት። መቀየር ካለባችሁም አዲሱን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ቀላቅሉለት።

ሌላው የሆድ ትል ነው። ሰገራው ላይ ወይም ፊንጢጣው አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነጭ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል መሆኑ ነው፤ ዓይነ ምድሩ ላይ ምንም ሳይታይም ሌሎች ትሎች ሊኖሩ ይችላሉ። የትል መድኃኒት በክብደት ስለሚለካ በግምት አትስጡ። ሰገራውን ቶሎ አንሱ፣ እጃችሁን ታጠቡ፤ አንዳንዶቹ ትሎች ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕፃናት ይተላለፋሉ።

የሚያስፈራው ፓርቮ ነው። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ፣ ድንገት ድክም ያለው፣ የሚያስመልሰው፣ ደም የተቀላቀለበትና ሽታው የሚከብድ ተቅማጥ የያዘው ከሆነ "እስከ ነገ እንየው" አይባልም። በዚያው ሰዓት ደውሉ። የአንጀቱን ግድግዳ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ በጊዜ ሐኪም ያየው ግን የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። ወደ ክሊኒኩ ስትሄዱም ጥርጣሬያችሁን ከበሩ ውጭ ሆናችሁ ተናገሩ፣ ሌሎች ቡችላዎች እዚያው ተቀምጠው ይሆናል። ቫይረሱ ቤት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ወለሉን መጀመሪያ በደንብ እጠቡ፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡትና 10 ደቂቃ ተዉት። ለድርጅቱም "እኛ ቤት ፓርቮ ገብቷል" ብላችሁ አሳውቁ። ይህን ባለመናገር ቀጣዩ ቡችላ ዋጋ ይከፍላል።

ያስላል፣ ወይም ራሱን እያከከ ፀጉሩ ይረግፋል

ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ዓይነት ደረቅ ሳል ከሆነ፣ ብዙ ውሾች አንድ ላይ ሲኖሩ የሚተላለፈው ሳል ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ከሌሎች ውሾች ለዩት፣ አንገቱ ላይ ከመሳብ የደረት ማሰሪያ ተጠቀሙ። ትኩሳት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ሐኪም ይየው።

ማከኩ ከቁንጫ ሊሆን ይችላል፣ ከእከክም ሊሆን ይችላል። የጆሮው ጫፍና ክርኑ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ቅርፊት ከሠራ፣ እናንተንም ክንዳችሁን ካሳከካችሁ፣ እከኩ ተጋብቶባችሁ ሊሆን ስለሚችል ሁለታችሁም ታከሙ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ አታድርጉ፤ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት ከሆነ ድመትን ይገድላል። የሰው ማስታገሻም ለውሻ አይሆንም። አይቡፕሮፌን ኩላሊቱንና ጨጓራውን ይጎዳል፣ ፓራሲታሞልም በግምት ሲሰጥ ይመርዛል።

ቤት ውስጥ ይሸናል

ቤት ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ውሻ ምንጣፍና ሣር ምን ልዩነት እንዳላቸው አያውቅም። እልህም በቀልም አይደለም። ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወደ ውጭ አውጡት፣ ውጭ ሲሸና ወዲያው አሞግሱት። የሸናበትን ቦታ ሽታ በሚያጠፋ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ አጽዱ፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ከእናንተ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ ካማጠው ወይም ደም ካያችሁ የትምህርት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ሲቀርቡት ያጉረመርማል

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይሄ ነው፤ "ክፉ ውሻ" ይባልና ይመታል። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በማጉረምረሙ የተቀጣ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው፤ በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከማጉረምረሙም በፊት ብዙ ነገር ተናግሯል፦ ከንፈሩን ልሷል፣ ሳይደክመው አዛግቷል፣ ፊቱን አዙሯል፣ የዓይኑን ነጭ አሳይቷል፣ ደርቆ ቆሟል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ሳህኑ አጠገብ ብቻ ከሆነ፣ ተርቦ ያደገ ስለሆነ ትወስዱብኛላችሁ ብሎ ነው። ሳህኑን አትንጠቁት። ራቅ ብላችሁ ከያዘው የሚጣፍጥ ነገር ወርውሩለትና ሂዱ፤ መምጣታችሁ የሚጨምርለት እንጂ የሚወስድበት እንዳልሆነ ቀስ እያለ ይገባዋል። ልጆች ሲበላና ሲተኛ አይጠጉት፣ ይህ ድርድር የለውም። አንድ ቦታ ሲነካ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ሕመም አለበት፤ ሐኪም ይይልን በሉ።

ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ውሻው ለ10 ቀን ክትትል ስለሚያስፈልገው ለድርጅቱ ወዲያው ንገሩ። "ውሻውን ይወስዱታል" ብሎ መደበቅ ለእሱም አይበጅም፤ ቀጥሎ የሚነከሰው ምንም የማያውቅ ሰው ይሆናል።

ብቻውን ሲቀር ቤቱን ያተራምሳል

ስልክ ወይም ካሜራ ደግናችሁ ውጡና ቅጂውን እዩ። ከወጣችሁ ብዙም ሳይቆይ በሩን ከቧጠጠ፣ እያላዘነ ከጮኸ፣ ለሃጩን ካዝረበረበ የመተው ፍርሃት ነው። ተኝቶ ተኝቶ ተነሥቶ ጫማ ካኘከ ግን ሰልችቶት ነው። ለሰለቸው ረዘም ያለ የእግር ጉዞና የሚታኘክ ነገር ይበቃዋል። ለፈራው ለሰከንዶች ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ ለደቂቃ፣ ከዚያ ለአምስት፤ ሁልጊዜ ሳይደነግጥ በፊት ተመለሱ። የሚደነግጥን ውሻ ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት፣ ጥርሱን እስኪሰብር ይታገላል። ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውሉ ከሆነ ይህን ውሻ ሌላ ቤት ቢይዘው ይሻላል፤ ይህንን ማሳወቅም ከኃላፊነታችሁ ውስጥ ነው።

ከቤታችሁ ውሻ ጋር ይጣላል

ብዙ ጊዜ ሰበቡ መቸኮል ነው። አዲሱን 14 ቀን ያህል ለብቻው አቆዩት፤ ሳሉም ፓርቮውም ካለ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ይታያል። የቤታችሁ ውሻ ክትባት ያልተሟላ ከሆነ እንግዳ አትቀበሉ። 14 ቀኑ ሲያልቅ፣ ውጭ ሜዳ ላይ፣ በሁለት ሰው፣ ጎን ለጎን ራቅ አድርጋችሁ አራምዷቸው። ቤት ሲገቡ አጥንትና መጫወቻ ይነሣ፣ ለየብቻ ይብሉ፣ ያለ ሰው አብረው አይቅሩ።

አመለጠ

መጀመሪያ እንዳያመልጥ፦ ፈሪ ውሻ አደገኛው ጊዜው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። አንገቱም ላይ ደረቱም ላይ ማሰሪያ ይኑረው፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ነገር አይለየው፣ የውጭው በር ሲከፈት የውስጡ ይዘጋ። ለምዶኛል ብላችሁ ሜዳ ላይ አትፍቱት።

ካመለጠ በዚያው ደቂቃ ለድርጅቱ ደውሉ፣ ከሰዓታት ፍለጋ በኋላ አይደለም። አታሯሩጡት፣ ስሙን እየጮሃችሁ አትከተሉት፣ ሰፈር ሙሉ ሰው አታሰማሩ። የደነገጠ ውሻ የሚያውቀውም ሰው ቢያሯሩጠው ይሸሻል። ካያችሁት ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉና ምግብ ወርውሩለት። ካላያችሁት መጨረሻ በታየበት ቦታ የተኛበትን ጨርቅና ምግብ አስቀምጡ፣ ሲጨልምና ሲነጋ እየሄዳችሁ እዩ።

ወሳጅ መጣ

አንድ ጓደኛችሁ ወይም ጎረቤት "ለእኔ ስጡኝ" ቢል፣ የቱንም ያህል ጥሩ ሰው ቢሆን መልሱ "ድርጅቱን አናግር" ነው። ወሳጁን የማጣራት፣ ክትባቱና የማምከን ቀዶ ሕክምናው ማለቁን የማረጋገጥ ሥራ የእነሱ ነው። እናንተ ለማስቀረት ከፈለጋችሁም በዚያው በር ግቡ፣ ግን አስቡበት፤ እናንተ ጋር የሚቀረው ውሻ የሚቀጥለውን ውሻ ቦታ ይይዛል። መለየቱ ያማል። ማዘንም ያለ ነው።

መቀጠል ካቃታችሁ፣ ከታመማችሁ ወይም ቤት ልትቀይሩ ከሆነ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሌላ ቤት መፈለግ ቀናት ይወስዳል።

ለሚወስደው ቤተሰብ ደግሞ በጽሑፍ ስጡ፦ ምን ይበላል፣ በስንት ሰዓት ይወጣል፣ ከምን ይደነግጣል፣ ሳህኑ ላይ ያጉረመርማል ወይ፣ ብቻውን ስንት ሰዓት ይችላል፣ ድመት ሲያይ ምን ያደርጋል። ነውሩንም ጻፉት። "በጣም ጨዋ ነው" ተብሎ የተሰጠ ውሻ ሳምንት ሳይሞላው ሊመለስ ይችላል። መጥረጊያ ሲያይ እንደሚሸማቀቅ የተነገራቸው ሰዎች ግን መጥረጊያውን ከዓይኑ ያርቁለታል።