የአጥቢያችን የምግብ እደላ፦ ከሽንኩርቱ ጠረጴዛ

በአሜሪካ ኤፒስኮፓል (ሴቶችም ቄስ የሚሆኑባት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያችሁ ምግብ ማደል ልትጀምሩ ነው? ቀኑንና ሰዓቱን አትቀያይሩ። ሳን ፍራንሲስኮ፣ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን፣ እደላው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ምግቡ የተደረደረው መንበሩ ዙሪያ ነው። ደስ ይላል፤ እኔ ግን አዳራሹን እመርጣለሁ፣ ድንች አፈር አለው።

የታሰረ ከረጢት አትስጡ፤ ሰው ራሱ ይምረጥ። እኔ የምቆመው ሽንኩርቱ ጋ ስለሆነ አያለሁ፦ የኛ እናቶች ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ቺዝ ብትሰጧቸው በይሉኝታ ተቀብለው ይቸገራሉ። ምስር፣ ሩዝና ዘይት ፊት ለፊት አድርጉ።

ምግቡን የሚያቀርብላችሁ የምግብ ባንክ ካላስገደደ መታወቂያ አትጠይቁ። ጸሎት ለሚፈልግ ቄሷ ጥግ ላይ ይቀመጡ፤ ወረፋ ላይ ስብከት የለም። የተረፈውን ዳቦ ለእሑዱ የቡና ሰዓት አታስቀሩት፤ ያኔውኑ ለቅርቡ መጠለያ ላኩት።