የካቲት 12ን ለልጅ ስትነግሩ

የካቲት 12ን፣ ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ የጨፈጨፉበትን ቀን፣ መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ድሬዳዋ፣ አራተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ የህሊና ጸሎት ተባለ። እኛ ሳቅን። ከኋላዬ ያለው ልጅ አንገቴን በሳር ይነካካኝ ነበር። መምህራችን አልተቆጡም። ክፍል ስንገባ ግን «ሰልፉ ላይ ስንት ነበራችሁ?» አሉን። 600 ገደማ። «እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰልፍ 50 ጊዜ አስቡ። በሦስት ቀን አለቀ።» ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አበላሸሁት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩበት ጀመርኩ። ልጁ ከሰዓቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ እየወረወረ «ቧ!» ሲል ዋለ። ስለሞቱት አንድም አልጠየቀኝ።

ስለዚህ ከምጽዋቱ ጀምሩ። በ1929 ያን ቀን ግራዚያኒ ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ለድሆች ገንዘብ ያድል ነበር። የጣሊያኑ አልጋ ወራሽ ልጅ ተወልዶለት ነው። ዓይነ ስውራንና አቅመ ደካሞች ግቢውን ሞልተውት ነበር። ቦምቡ ሲፈነዳ ወታደሮቹ እነሱው ላይ ተኮሱ። ይሄ ለልጅ ይገባዋል። አርብ መስጊድ በር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር የሚቀመጡትን ያውቃቸዋላ።

የሞቱትን ቁጥር በትምህርት ቤቱ ሰልፍ አስሉለት። 30,000 የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ነው፤ ዝቅ አድርገው የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ከፍ ሲል ሁለቱንም ይስማ። ስለ አገዳደሉ አትዘርዝሩ፤ «ቤቶች ተቃጠሉ» ይበቃዋል። የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ግድያ ለሌላ ዓመት ይቆይ።

ሰዓቱ ማታ ይሁን፣ በሻይና በባጂያ። በድሬ ቀትር ማን ያዳምጣል?

የእኔው «አቦ፣ ያ አዲስ አበባ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። ለገሃር ወሰድኩት። ከአዲስ አበባ በባቡር የወረደው የጣሊያኑ የጦር አዛዥ የባዶሊዮ ጦርና በኦጋዴን በኩል የመጣው የግራዚያኒ ጦር ግንቦት 1 ቀን 1928 የተገናኙት ድሬዳዋ ላይ ነው። ሐዲዱን ዝም ብሎ አየው። እኔም ዝም አልኩ። እዚህ ጋ ወሬ አታብዙ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰልፉን ሊቆጥር ሞክሮ 140 ላይ እንደጠፋበት ነገረኝ።