ለሃንጋሪ እናቶች ቀን ዶሮ ፓፕሪካሽ የምትሠሩ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዱት

ሃንጋሪያዊት አማት ያላችሁ ወይም እዚያ አገር የምትኖሩ፣ ይቺን ያዙልኝ። በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጀመሪያው እሁድ እዚያ የእናቶች ቀን ነው። ልጆች ላይላክ የሚባለውን ወይን ጠጅ አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ ከዚያ ምሳ። የእሁድ ምሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን የሥጋ ሾርባ ይጀምራል። ቀጥሎ ከሚቀርቡት ውስጥ ለጀማሪ የሚመቸው ዶሮ ፓፕሪካሽ ነው፤ በፓፕሪካ፣ ማለትም በሃንጋሪው ቀይ የበርበሬ ዱቄት፣ የሚሠራ የዶሮ ወጥ ማለት ነው።

ለአንድ ዶሮ ሁለት ራስ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉና በአሳማ ስብ (እነሱ የሚወዱት እሱን ነው፣ ዘይትም ይሆናል) በዝግታ አብስሉት። እንዳይጠቁር። አሁን ዋናው ነገር፦ ፓፕሪካውን ከመጨመራችሁ በፊት ድስቱን ከእሳት አውርዱ። ዶሮ ወጥ መሥራት የለመደ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ የእኛ በርበሬ ቁሌቱ ላይ ረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ይጥማል፣ የሃንጋሪው ፓፕሪካ ግን ስኳር ስላለው በጋለ ስብ ላይ ወዲያው ያርርና ወጡን ሁሉ መራራ ያደርገዋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ቶሎ አማስሉ፣ ዶሮውንና ትንሽ ውሃ አስገብታችሁ መልሳችሁ ጣዱት።

መጨረሻ ላይ የሚገባውን ኮምጣጣ ክሬም ከአንድ ማንኪያ ዱቄት ጋር ምቱትና በጥቂት ትኩስ መረቅ አለዝቡት፣ አለዚያ ይቆራረጣል። ከጎኑ የሚቀርበው ኖኬድሊ የሚሉት የተቀቀለ የሊጥ ቁርጥራጭ ነው፤ ሊጡን ብዙ አታሹት፣ ይጠነክራል።

ፓፕሪካ ስትገዙ ሴጌድ ወይም ካሎቻ ከሚባሉት የሃንጋሪ ከተሞች የመጣ ይሁን፣ ፓኬቱ ላይ ደግሞ ኤደሽኔሜሽ የሚለውን ፈልጉ፣ የማያቃጥለው እሱ ነው።