የቀለጠ አሉሚኒየም አንድ ወጥ አልሆን ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህን የጻፍኩት አዲስ አበባ ዳር፣ በአቃቂና በገላን በኩል፣ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም አቅልጠው ድስትና መለዋወጫ ለሚያወጡ ባለሙያዎች ነው። ያን ያህል ከሰል ነድዶ ዕቃው ሲሰነጠቅ ማየት ያንገበግበኛል።

ዕቃው በአንድ በኩል ጠንካራ፣ በሌላው ለስላሳ ነው

ለማጠንከር የሽቦ መዳብ ጨምራችኋል። መዳቡ ሟምቶ ከዓይን ጠፍቷል። ግን አልተሰራጨም።

ምክንያቱ የአተሞች ጉዞ ነው። በቅልጥ ውስጥ አተሞች በራሳቸው ይሰራጫሉ። ፍጥነታቸው በጠጣሩ ውስጥ ካለው ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ቅልጡ ጸጥ ብሎ ከቆመ፣ በአንድ ሰዓት የሚሄዱት 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 6 ሴንቲሜትር ለመሄድ ከአራት ቀን በላይ ይፈጃል! መዳብ ደግሞ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል። ሙቀት የሚፈጥረው ፍሰት ትንሽ ያግዛል። ይኸው ፍሰት ግን ለተመራማሪዎች ፈተና ነው፤ የአተሞችን ጉዞ ብቻውን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1983 ቲን የተባለውን ብረት ይህ ፍሰት እምብዛም በሌለበት ህዋ ላይ አቅልጠዋል።

መፍትሄው ማማሰል ነው። መዳቡን ቆራርጣችሁ በ720 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጨምሩ። ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ፊቱን አታናውጡት፤ ከላይ ያለው ቆዳ ተሰባብሮ ውስጥ ይገባል። ማማሰያው ብረት ከሆነ ግራፋይት ቀቡት። ካልተቀባ ብረቱ እየሟሟ ይገባና አሉሚኒየሙን ተሰባሪ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ማማሰያው በደንብ ደርቆ የጋለ ይሁን። እርጥበት ካለው ቅልጡ ይፈነዳል፤ ሰው ይጎዳል።

ቴርሞሜትሩ ወርዶ መልሶ ይወጣል

አልተበላሸም። ቅልጡ ከመርጊያው ነጥብ በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ቆይቷል። መርጋት ሲጀምር ሙቀት ስለሚለቅ ንባቡ ይወጣል። ቁልቁለቱ ትልቅ ከሆነ ግን መርጋቱን የሚያስጀምሩ ቅንጣቶች አንሰዋል ማለት ነው። ያኔ ውስጡ ሸካራ ይሆናል። የቲታኒየምና የቦሮን ድብልቅ በትንሹ ጨምሩ፤ ሳይቆይ አፍስሱ፣ ቅንጣቶቹ ይዘቅጣሉና።

ቅልጥ በቀዘቀዘ ቁጥር አተሞቹ እየዘገዩ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ የወርቅና የሲሊከን ቅልጥ እጅግ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ለመደርደር ጊዜ አጡ፤ እንደ መስታወት ሥርዓት የለሽ የሆነ ብረት ተገኘ። በእኛ ማቅለጫ ይህ አይሆንም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

በደንብ ተማስሎም ይሰነጠቃል

ሲረጋ መጀመሪያ የሚጠጥረው ክፍል መዳብ ያነሰው ነው። የተረፈው መዳብ በረጉት ጥቃቅን ጠጣሮች መካከል ባለው ድንበር ላይ ይከማቻል። በጠጣሩ ውስጥ አተሞቹ ቀርፋፋ ስለሆኑ ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። የብረት ፎርማ ተጠቀሙ፤ ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ውስጡም ይደቅቃል። በድንበሮቹ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ መስተካከያው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚያ ዕቃውን ከ500 ዲግሪ ሳታሳልፉ ለብዙ ሰዓት አሙቁት። አሉሚኒየምና መዳብ ብቻ ከሆነ ድንበሩ በ548 ዲግሪ ይቀልጣል። የፒስተን ቁርጥራጭ ካለበት፣ በሲሊከኑ ምክንያት ከዚያም በታች ነው።