የለስላሳ ጣሳን በማሽን ጨፍልቆ ባክሊንግን መለካት

የሮኬት ታንክ፣ የእህል ሲሎ፣ የአውሮፕላን አካል፦ ሁሉም ስስ ግድግዳ አላቸው፤ ሁሉም ብረቱ ሳይደክም በድንገት ሊጨማደዱ ይችላሉ፤ ይህ ባክሊንግ ይባላል። በዚህ መስክ ምርምር ለሚጀምር ሜካኒካል መሐንዲስ ከባዶ የአሉሚኒየም ጣሳ የተሻለ የመጀመሪያ ናሙና አይገኝም። ርካሽ ነው፤ ከአንድ ካርቶን ሃያ ተመሳሳይ ናሙና ይወጣል።

ማሽኑን ከመንካት በፊት አስሉ። ለዘንግ ጭነት (በሲሊንደሩ ቁመት አቅጣጫ ለሚጫን) የጥንቱ ቀመር ሲቃለል ጭነት = 3.8 × E × t² ይሆናል፤ E የብረቱ የመለጠጥ ሞጁለስ፣ t የግድግዳው ውፍረት ነው። ራዲየሱ ከቀመሩ ወጥቷል፤ ሁሉም ነገር በውፍረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። E 70,000 ሜጋፓስካል፣ t 0.1 ሚሜ ከሆነ 2,660 ኒውተን ይመጣል። ራዲየሱ 33 ሚሜ በሆነ ጣሳ ይህ 128 ሜጋፓስካል ስትረስ ነው፤ የጣሳ አሉሚኒየም ከሚለጠጥበት ወሰን በጣም ያነሰ።

ይህን ቁጥር በሙከራ አገኛለሁ ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ናሳ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ባሻሻለው ኤስፒ-8007፣ ስለ ስስ ሲሊንደሮች ባክሊንግ በወጣው መመሪያ መሠረት፣ የራዲየሱና የውፍረቱ ንጽጽር 330 ሲሆን ቁጥሩ በ0.39 ይባዛል፤ 1,030 ኒውተን ገደማ። ደህና ናሙና በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ከ1,030 በታች ካገኛችሁ ጥፋቱን መጀመሪያ በጣሳው ሳይሆን በአያያዛችሁ ፈልጉ።

ውፍረት መለካት ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛው ስህተት የሚገባው ግን እዚህ ነው። 0.01 ሚሜ መሳት በጭነቱ ላይ 20 በመቶ ያህል ስህተት ያመጣል። ቀለሙና የውስጥ ሽፋኑም ማይክሮሜትሩን ያታልላሉ። ስለዚህ ከዚያው ካርቶን አንድ ጣሳ ቅደዱ፣ ሽፋኑን በቀለም ማስለቀቂያ አንሡ (በብርጭቆ ወረቀት አይሁን፤ ብረቱንም ይበላል)፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ማይክሮሜትር በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታው ስምንት ቦታ ለኩ። ወደ አንገቱ ሲጠጉ ግድግዳው ይወፍራል፤ ያንን ክፍል አትጠቀሙበት።

አንገቱንና የጎደጎደውን ቂጥ ቆርጣችሁ 90 ሚሜ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ሲሊንደር አስቀሩ። ካልተቆረጡ ቀድመው የሚሸነፉት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ የምትለኩት ግድግዳውን አይደለም። የታችኛውን ጫፍ 5 ሚሜ ጥልቀት ባለው የብረት ሳህን ቦይ ውስጥ በኢፖክሲ ትከሉ፤ 24 ሰዓት ይድረቅ። የላይኛውን ግን ማሽኑ ውስጥ፣ ሲሊንደሩ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ቆሞ ሳለ ትከሉት፤ ኢፖክሲው የትይዩነት ጉድለቱን ራሱ ይሞላዋል። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚቀረው ነፃ ግድግዳ 80 ሚሜ ነው። በአንዱ ሳህን ላይ 3 ሚሜ የአየር ቀዳዳ ይኑር፤ የታፈነ አየር ግድግዳውን ከውስጥ ይደግፋል፣ ውጤቱንም ያሳምረዋል።

ማሽኑ? በየሲቪል ላብራቶሪው ያለው 2,000 ኪሎኒውተን የሚችል የኮንክሪት ኩብ መጭመቂያ እዚህ ከንቱ ነው፤ አንድ ኪሎኒውተንን ከራሱ ስህተት አይለየውም። 5 ኪሎኒውተን ሎድ ሴል (ጭነት የሚለካ ሴንሰር) ያለው ይፈለጋል። ጭነት ሳይሆን እንቅስቃሴ እየተቆጣጠራችሁ፣ በደቂቃ 0.05 ሚሜ ዝቅ አድርጉ። ሲሊንደሩ ከመጨማደዱ በፊት የሚያጥረው 0.1 ሚሜ ገደማ ብቻ ነውና ከዚህ ከፈጠነ ያመልጣችኋል። የማሽኑን የራሱን ንባብ አትመኑ፤ የፍሬሙ መለጠጥ ተደምሮበታል። በሳህኖቹ መካከል በ120 ዲግሪ ርቀት ሦስት ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) አቁሙ። በግድግዳው ላይ ስትሬን ጌጅ (የብረቱን መለጠጥ የሚለካ ተለጣፊ) መለጠፍ ደግሞ 0.1 ሚሜ ለሆነ ብረት ማጠናከሪያ መስጠት ነው፤ አንመክረውም።

እስከ 200 ኒውተን ጭናችሁ ሦስቱን አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ከበለጠ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ፈትታችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ቀጥሉ። ድንገት ቷ ይላል፣ የአልማዝ ቅርጽ ያላቸው ጉድጓዶች ይወጣሉ፣ ጭነቱ ይወድቃል። የሚመዘገበው የመጀመሪያው ከፍተኛ ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዴ የተጨማደደ ናሙና ዳግመኛ አይጫንም።

በካልኩሊክስ ወይም በአባከስ (ግድግዳውን ወደ ትንንሽ ኤለመንቶች ከፍለው በሚያሰሉ ሶፍትዌሮች) ስታሰሉት የኤለመንቱ መጠን ከ0.6 ሚሜ አይብለጥ። የጭምድዱ ግማሽ ሞገድ 1.73√(Rt) (R ራዲየሱ ነው)፣ ማለትም 3.1 ሚሜ ብቻ ስለሆነ ሰፊ መረብ ሲሊንደሩን ያለአግባብ ያጠነክረዋል። ሊኒየር ስሌቱ ብዙ ሞዶችን (የመጨማደድ ቅርጾችን) ተቀራራቢ በሆነ ጭነት ይደረድራል፤ አትደናገጡ፣ የሲሊንደር ጠባይ ነው። ቀጥሎ የግድግዳውን መዛነፍ አስገብታችሁ ነንሊኒየር ስሌት አሂዱ። የተለካ መዛነፍ ከሌላችሁ የመጀመሪያውን ሞድ ቅርጽ በ0.1t፣ በ0.5t እና በ1t ሞክሩ። መዛነፍ ጭነቱን ምን ያህል እንደሚቀንስ በሚያሰላው የኮይተር ቀመር፣ ዙሪያውን እኩል የሆነ የ0.1t መዛነፍ (0.01 ሚሜ መሆኑ ነው) ጭነቱን ወደ 61 በመቶ ያወርደዋል፤ 0.5t ደግሞ ወደ 35 በመቶ።

ስትዘግቡ አማካዩን ብቻ አትስጡ። ዲዛይነር የሚፈልገው ዝቅተኛውን ነው፤ የእያንዳንዱን ናሙና ውፍረት፣ ከፍተኛ ጭነት፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ የወጣበትን ከፍታና ማዕዘን ጻፉ። ጉድጓዱ በተለያየ ናሙና ላይ ሁልጊዜ በማሽኑ አንድ አቅጣጫ ከወጣ የለካችሁት የሳህኑን ዝንባሌ ነው።