ሰሙን ሳትይዙ ወርቁን አትቆፍሩ፦ የድሮ ሮክ ግጥም ላይ የምንሰራቸው ስህተቶች

የጂሚ ሄንድሪክስን ጊታር ያወኩት ግጥሙን ከማወቄ ከብዙ አመት በፊት ነው፣ በካሴት ነበር የምንሰማው፣ እንግሊዝኛው የገባንን ያህል አብረን እንጮሃለን ያልገባንን ደግሞ በራሳችን ቃል እንሞላዋለን፣ እና ያ የሞላነው ቃል እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኛ ደግሞ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ግጥም ከሰማን ገና ከመጀመሪያው ውስጡ የተደበቀ ነገር አለ ብለን ነው የምንነሳው። አዝማሪ ቤት ይሄ ልክ ነው፣ እንደውም የግድ ነው። ሮክ ላይ ግን ሰሙን በደንብ ሳንይዝ ወርቅ ፍለጋ ስለምንሄድ የሌለ ነገር ቆፍረን እናወጣለን፣ ያለውን ደግሞ እናልፈዋለን። እስቲ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው "እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" ማለት ነው። ጆሮ እኮ ብቻውን አይሰማም፣ ጭንቅላት የጎደለውን እየገመተ ይሞላለታል። የሄንድሪክስ "ፐርፕል ሄዝ" 1967 ሲወጣ "ኪስ ዘ ስካይ" የሚለውን፣ ማለትም ሰማዩን ልሳመው የሚለውን፣ ስንት ሰው "ኪስ ዚስ ጋይ" ብሎ ሰማው፣ ይሄን ሰውዬ ልሳመው እንደማለት። ለምን መሰላችሁ፣ የ"ስካይ" መጀመሪያ ላይ ያለችው "ስ" ከፊቷ ካለው "ዘ" ጋር ትጣበቅና "ዚስ" ትሆናለች፣ የሚቀረው "ካይ" ነው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከ"ስ" ቀጥሎ የሚመጣን "ክ" ያለ ትንፋሽ ስለሚሉት ለጆሮ "ግ" ይመስላል። ስለዚህ የሰማው ሰው ደንቆሮ አደለም፣ ድምፁ ራሱ ለሁለቱም ይሆናል። የክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል "ባድ ሙን ራይዚንግ" ላይም ያው ነው፣ በ1969 የወጣ ዘፈን ነው፣ ጆን ፎገርቲ ክፉ ጨረቃ እየወጣች ነው ይላል፣ "ባድ ሙን ኦን ዘ ራይዝ"፣ ሰው ደግሞ "ባዝሩም ኦን ዘ ራይት" ይሰማል፣ ሽንት ቤቱ በስተቀኝ ነው።

ይሄ አይነት አሰማም ስም አለው፣ ሞንደግሪን ይባላል። ስሙን ያወጣችው ሲልቪያ ራይት የምትባል አሜሪካዊት ፀሀፊ ናት፣ በ1954 ሃርፐርስ መፅሄት ላይ። ልጅ እያለች እናቷ የስኮትላንድ ግጥም ሲያነቡላት ጌታውን ገደሉት "ኤንድ ሌይድ ሂም ኦን ዘ ግሪን" ይላል፣ ሳሩ ላይ አጋደሙት ለማለት፣ እሷ ግን "ኤንድ ሌዲ ሞንደግሪን" ብላ ነው የሰማችው፣ ሌዲ ሞንደግሪን የምትባል ሴት አብራው የሞተች መስሏት። ያቺ ሴት በአለም ላይ ኖራ አታውቅም፣ ግን ስሟ ቀረ።

ሁለተኛውና ለኔ ከሁሉም የሚብሰው፣ ያልሰማነውን በክፉ መሙላት ነው። "ሉዊ ሉዊ" የሚባለውን ዘፈን ሪቻርድ ቤሪ በ1955 ፅፎ በ1957 አወጣው። ታሪኩ በጣም ቀላል ነው፣ አንድ መርከበኛ ጃማይካ ያለችውን ፍቅረኛውን ናፍቆ ሉዊ ለሚባል የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ልሂድ እኮ፣ ወደ ቤቴ ልመለስ ይለዋል። በቃ ይሄው ነው። በ1963 ኪንግስመን የሚባሉ ልጆች ኦሪገን ፖርትላንድ ውስጥ በትንሽ ስቱዲዮ እንደገና ቀዱት፣ ማይኩ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ከፍ ብሎ ነበር፣ ዘፋኙ ጃክ ኢሊ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚጮኸው፣ በዛ ላይ ጥርሱ ላይ ብሬስ፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ነበረው፣ መሳሪያው ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል፣ እና ምን እንደሚል ማንም ሊሰማው አልቻለም። ማንም ስላልሰማው ሁሉም የፈለገውን ሰማ። ወጣቶቹ ባለጌ ግጥም ነው ብለው የራሳቸውን በወረቀት እየፃፉ ተቀባበሉት፣ ወላጆች ደነገጡ፣ የኢንዲያና ገዢ ራዲዮኖች እንዳያጫውቱት ጠየቁ፣ ጉዳዩ ኤፍቢአይ ድረስ ሄደ። የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያጫወተ ሰማው፣ መጨረሻ ላይ የደረሰበት ነገር የሚለው አይሰማም የሚል ነው። ዋናው ግጥም እኮ የቤሪ የራሱ ቅጂ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር! ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ለዛ መርከበኛ ነው፣ ናፍቆቱን ነው የነገራቸው፣ እነሱ ብልግና ሰሙ። ስለዚህ ግጥሙ ካልተሰማችሁ የመጀመሪያውን ዘፋኝ ቅጂ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እዛ ነው ያለው።

ሌላው ያልገባንን መስመር ሁሉ ምስጢር ነው ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ የዲፕ ፐርፕልን "ስሞክ ኦን ዘ ዋተር" ውሃ ላይ ጭስ ስለሚል ሺሻ ነው ብሎ ለአመታት ሲከራከረኝ ኖሯል። ዘፈኑ ግን ልክ እንደ ዜና ነው፣ ወርቅ የለውም ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው። ታህሳስ መጀመሪያ ላይ በ1971 ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ከተማ አልበም ሊቀዱ ሄዱ፣ እነሱ ሊሰሩበት ያሰቡት ካዚኖ ውስጥ ፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት እያቀረበ እያለ ከተመልካቹ አንዱ የምልክት ርችት ሽጉጥ ወደ ጣሪያ ተኮሰ፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ ጭሱ ጄኔቫ ሀይቅ ላይ ተኛ። እነሱ ይሄን እያዩ ነበር። "ፈንኪ ክላውድ" የሚለው ማነው ብላችሁ ከሆነ ክላውድ ኖብስ ነው፣ የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫልን ከመሰረቱት አንዱ፣ ሰው ከእሳቱ ሲያወጣ የነበረ። "ሮሊንግ ትራክ ስቶንስ" የሚለው ደግሞ ከሮሊንግ ስቶንስ የተከራዩት መኪና ላይ ያለ ስቱዲዮ ነው። አያችሁ፣ ታሪኩን ስታውቁ አንድም እንቆቅልሽ አይቀርም።

ቢትልስ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። "ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ" በመጀመሪያ ፊደሎቹ ኤልኤስዲ የሚባለው የዕፅ ስም ነው ተብሎ ስንት ተወራ፣ ጆን ሌነን ግን ትንሹ ልጁ ጁሊያን ከመዋዕለ ህፃናት ይዞት የመጣው ስዕል ነው ብሎ ሲናገር ኖረ፣ ሉሲ የክፍሉ ልጅ ነበረች። እዛው ውስጥ "ካላይዶስኮፕ አይስ" የሚለውን "ኮላይተስ ጎስ ባይ" ብሎ የሰማ ብዙ ነው፣ የአንጀት በሽታ ያለባት ልጅ አለፈች እንደማለት፣ ምክንያቱም ካላይዶስኮፕ ማለት ያ ሲያዞሩት ባለ ቀለም መስታወቶች የሚያሳይ ቱቦ ነው፣ ቃሉን የማያውቅ ጆሮ የሚያውቀውን ቃል ይፈልጋል። "አይ አም ዘ ዋልረስ" ደግሞ ሌላ ነው። ሌነን ከድሮ ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ፅፎለት አስተማሪያችን የናንተን ግጥም እያስተነተነን ነው ሲለው፣ እስቲ ይሄን ይፍቱት ብሎ ሆን ብሎ የተወሳሰበ ነገር ፃፈ። ትርጉም የሌለው ሆኖ የተሰራን ነገር ትርጉም ካላገኘሁለት ብሎ እንቅልፍ ማጣት በእውነት ያሳዝናል።

አንድ በአጭሩ ላንሳ፣ ሰው ምን እንደሚባል ከነገረን በኋላ መስማት። በ1969 የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ሞቷል የሚል ወሬ ሲናፈስ "ስትሮውቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር" መጨረሻ ላይ ሌነን ፖልን ቀበርኩት ይላል ተባለ። ሌነን ያልኩት "ክራንቤሪ ሶስ" ነው አለ፣ የፍሬ ስጎ። ፖልም ይኸው አለ። የሌድ ዘፕሊንን "ስቴርዌይ ቱ ሄቨን" ወደኋላ ሲያጫውቱት የሰይጣን መልዕክት አለው የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፣ ፅሁፉን ሳታዩ ስሙት፣ ምንም አትሰሙም፣ ፅሁፉን ካያችሁ በኋላ ግን አለመስማት ያቅታችኋል።

የዘመኑን ቃል አለማወቅም አለ። ማንፍሬድ ማንስ ኧርዝ ባንድ በ1976 የሰሩት "ብላይንድድ ባይ ዘ ላይት" ላይ "ዱስ" የሚለውን ብዙ አሜሪካዊ ራሱ እንደ ነውር ቃል ነው የሚሰማው። ዱስ ግን መኪና ነው፣ የ1932 ፎርድ፣ ከ32 መጨረሻ ላይ ካለው ሁለት ነው ስሙ የመጣው፣ ወጣቶች ሞተሩን እያሻሻሉ የሚነዱት መኪና። የዘፈኑ ደራሲ ብሩስ ስፕሪንግስቲን መጀመሪያ በ1973 ሲያወጣው ይሄን መኪና የማያውቅ ጎረምሳ አልነበረም። በተቃራኒው እኛ ከነሱ ቀድመን የምንሰማው ቃልም አለ። የኩዊን "ቦሂሚያን ራፕሶዲ" ላይ "ቢስሚላህ" ሲል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግራ ይገባዋል፣ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገ ወሎዬ ግን ወዲያው ቀና ይላል። ፍሬዲ መርኩሪ ዛንዚባር ነው የተወለደው፣ ቃሉን ከየት አመጣው አያስብልም።

ስፕሪንግስቲንን ካነሳን አይቀር፣ አዝማቹን ብቻ ይዞ መሄድም ትልቅ ስህተት ነው። "ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ" በ1984 ሲወጣ ሰው ባንዲራ እያውለበለበ ነው የጨፈረበት። ስንኞቹን ስሟቸው፣ ቬትናም ተዋግቶ የተመለሰ፣ ስራ ያጣ፣ ወንድሙ እዛው የቀረበት ሰው ነው የሚጮኸው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ሀምሌ አራት ርችቱ ስር ስትሰሙት ያን ሰውዬ አስቡት።

የመጨረሻው፣ እባካችሁ የተሳሳተ ሰው ላይ አትሳቁ። የቶቶ "አፍሪካ" ላይ "አይ ብሌስ ዘ ሬይንስ" ነው የሚለው፣ ዝናቡን እባርካለሁ፣ ግን "አይ ሚስ" ብሎ የሚሰማ ብዙ ነው፣ ዝናቡ ናፈቀኝ፣ የሀገሩን ክረምት ካየ አስር አመት የሆነው ሰው እንዲህ ቢሰማ እኔ አላርመውም። ፎገርቲም አላረመም፣ ኮንሰርት ላይ ራሱ ሽንት ቤቱ በስተቀኝ ነው እያለ ይዘፍነዋል።